ለትልልቅ እንስሳት አደን ጠመንጃና ዕቃ እንዴት ይመረጣል? ከግዢ እስከ ተኩሱ ማግስት

እንስሳው ቆስሎ ሲያመልጥ ሰው መጀመሪያ የሚያማው ጠመንጃውን ነው። «ጥይቱ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ከፍ ያለ ልግዛ» ይላል። ይገዛል። በሚቀጥለው አደን ግን የባሰ ይስታል፤ አዲሱ ጠመንጃ ትከሻውን ስለሚደበድበው ቃታ በሳበ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰውነቱንም ያሸማቅቃል። ብዙ ሰው በዚህ ዙሪያ ሲሽከረከር አይቻለሁ። እኔም ገንዘብ አጥፍቼበታለሁ፣ ከዚያ በላይ የሚቆጨኝ ደግሞ አቁስዬ ያላገኘሁት እንስሳ ነው።

ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ሂዱባቸው። አንዱን ዘላችሁ ወደ ሌላው አትለፉ። አንድ ነገር እንዳይምታታብን፦ «ጥይት» ስል ቀለሁንም ባሩዱንም ጨምሮ ሙሉውን ነው፤ «አረር» ስል ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረውን ብቻ ነው።

ከሁሉም በፊት ደግሞ እነዚህ። ማንኛውንም ጠመንጃ እንደጎረሰ ቁጠሩት። አፈሙዙን ልትመቱት ወደማትፈልጉት ነገር አታዙሩ። ለመተኮስ እስክትወስኑ ጣታችሁ ከቃታው ውጭ ይሁን። ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለ ሳታዩ አትተኩሱ።

ደረጃ 1፦ እንስሳውን፣ ርቀቱንና ሕጉን ጻፉ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ሦስት ጥያቄ መልሱ።

ሀ. የምታድኑት ትልቁ እንስሳ የቱ ነው? ድኩላን የሚያክል ነው? አጋዘን ወይም ኩዱ የሚባለው ቀንደ ጠምዛዛ ትልቅ እንስሳ ነው? ወይስ እንደ ጎሽ መልሶ የሚያጠቃ አውሬ? «ሁሉንም» ብላችሁ አትመልሱ። በእርግጥ የምትወጡበትን ጻፉ።

ለ. ከምን ያህል ርቀት ትተኩሳላችሁ? ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ከሆነ አብዛኛው ተኩስ ከ100 ሜትር በታች ነው። ሜዳና ተራራ ላይ 200 እና 250 ሜትር ሊገጥም ይችላል።

ሐ. የምታድኑበት አገር ሕግ ምን ይላል? ይህን ከግዢ በኋላ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው። ጀርመን ውስጥ ለቀይ አጋዘንና ለዱር አሳማ ጥይቱ ቢያንስ 6.5 ሚሊሜትር ሆኖ በ100 ሜትር ላይ 2,000 ጁል ኃይል ሊኖረው ይገባል። ናሚቢያ ለጎሽ ከአፈሙዝ ሲወጣ 5,400 ጁል፣ ለኩዱ 2,700 ጁል፣ ስፕሪንግቦክ ለሚባለው ሚዳቋ መሰል እንስሳ 1,350 ጁል ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን ከልክላለች። በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ለአደን የማይፈቀድባቸው አገሮችም አሉ። ጠመንጃ ይዞ ድንበር መሻገር የራሱ ፈቃድ አለው፤ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ጥይቱን ምረጡ

ከጠመንጃው በፊት ጥይቱ ይመረጣል። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሕጉ የሚጠይቀውን የሚያሟላ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሳትሸማቀቁ ልትተኩሱት የምትችሉት ጥይት ውሰዱ።

ከድኩላ እስከ ኩዱ ላለው 270 ዊንቸስተር፣ 308 ዊንቸስተር፣ 30-06 ወይም 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም የሚባሉት ጥይቶች ይበቃሉ። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ 30-06ን ነው የምለው። ጥይቱ በብዙ አገር ይገኛል፣ የአረሩም ክብደት ምርጫ ሰፊ ነው። ባለ 180 ግሬይን አረር፣ ማለትም 11.7 ግራም ገደማ የሚመዝነው፣ በግምት 3,900 ጁል ይዞ ይወጣል። ይህ ለኩዱ ከበቂ በላይ ነው።

ለጎሽና መሰሎቹ 375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም መነሻው ነው። በአብዛኛው የአፍሪካ የአደን አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው መስፈርት እሱ ወይም ከሱ ጋር የሚመጣጠን ነው። ኃይሉ ወደ 5,800 ጁል ይጠጋል። ግን ርግጫው ከ30-06 ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን እወቁ። ለጎሽ ካልሆነ አትግዙት።

አረሩ ከጥይቱ ስም በላይ ልዩነት ያመጣል። ቶሎ የሚፈርስ ለስላሳ አረር ትልቅ እንስሳ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ላይ ላዩን ተበታትኖ ይቀራል፤ ሳንባ ጋ አይደርስም። ለትልቅ እንስሳ ሽፋኑና እርሳሱ የተጣበቁበትን ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን ምረጡ። እነዚህ ይከፈታሉ እንጂ አይበታተኑም። ጫፉ የማይከፈተው ድፍን አረር እንደ ዝሆን ላሉ ግዙፎች ነው፤ በሌላ እንስሳ ላይ በቀጭኑ በስቶ አልፎ ከኋላ የቆመውን ሊመታ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በርሜሉ ላይ የተቀረጸው ስምና በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ መሆን አለባቸው። «ይመሳሰላል» አይሠራም። ያልተስማማ ጥይት ጠመንጃ ያፈነዳል።

ደረጃ 3፦ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ ፈትኑት

ሱቅ ውስጥ ይህን በተራ አድርጉ።

1. ቦልቱን፣ ማለትም በእጅ እየተሳበ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት፣ ራሳችሁ ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ማለቱ አይበቃም።

2. ለአደን የምትለብሱትን ጃኬት ልበሱ። በቀጭን ሸሚዝ የተለካ ሰደፍ በወፍራም ጃኬት ይረዝማል።

3. ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጠመንጃውን አንስታችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ። አሁን ዓይናችሁን ክፈቱ። ጠመንጃው ላይ በሚታሰረው ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ ውስጥ ሙሉ ክብ ምስል ወዲያው ካያችሁ ልካችሁ ነው። አንገታችሁን የምታስግጉ ወይም ጥቁር ጥላ የምታዩ ከሆነ አይደለም።

4. ይህንኑ አሥር ጊዜ ድገሙት። አንድ ጊዜ መግጠም ዕድል ነው።

5. ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቃታውን በባዶው ሳቡት። ሳይጎተትና ሳይንቀራፈፍ፣ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ቀጭ ብሎ መለቀቅ አለበት። ከ1.3 እስከ 1.8 ኪሎ የሚደርስ ክብደት ለአደን ይስማማል። ከዚያ የቀለለ ቃታ በብርድ በደነዘዘ ጣት አደገኛ ነው።

6. ቦልቱን ጠመንጃው ትከሻችሁ ላይ እንዳለ ክፈቱና ዝጉ። አውርዳችሁ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ሁለተኛው ጥይት ሲያስፈልግ ትዘገያላችሁ።

ሰደፉ ቢረዝም ሊቆረጥ ይችላል፣ ቢያጥር ማስረዘሚያ ንጣፍ አለው። ጉንጫችሁ ካልደረሰ ማስደገፊያ ይጨመርበታል። በዚህ ምክንያት የወደዳችሁትን ጠመንጃ አትተዉ። ክብደት ግን አይስተካከልም። በጣም ቀላል ጠመንጃ ለመሸከም ደስ ይላል፣ ሲተኩሱት ግን ይራገጣል። ለ30-06 ከነቴሌስኮፑ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ጥሩ ሚዛን ነው።

በእጅ የሚሳብ ቦልት ያለውን ብትወስዱ ይሻላል። ይጸዳል፣ ብዙ አይበላሽም። ለአደገኛ አውሬ ከሆነ ደግሞ ጥይቱን ከካዝናው ሲነሳ ጀምሮ ቆንጥጦ የሚይዝ ትልቅ ጥፍር ያለው ቦልት ፈልጉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በበርሜሉ ውስጥ በብርሃን ተመልከቱ። ዝገትና ጉድጓድ ካለ ተዉት። የአፈሙዙ ጫፍ የተጎዳ ከሆነም እንዲሁ። ሰደፉ ከቦልቱ ኋላ ባለው ቦታ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንዳለበት እዩ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚሰነጠቀው።

ደረጃ 4፦ ቴሌስኮፑን በደንብ እሰሩት

ለጫካና ለጎሽ ከ1 እስከ 4 ወይም ከ1.5 እስከ 6 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል። ለሜዳ 3-9×40 የሚባለው፣ ማለትም ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላውና የፊት መስታወቱ 40 ሚሊሜትር የሆነው፣ ከበቂ በላይ ነው። ገንዘባችሁን ማጉላቱ ላይ ሳይሆን የመስታወቱ ጥራት ላይ አውጡት። እንስሳ የሚወጣው ማለዳና ምሽት ላይ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየውም ያኔ ነው።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የብሎኖቹንና የማሰሪያዎቹን ዘይት በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ። የታችኛውን መቀመጫ እሰሩ፤ እዚህ ብሎን ላይ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ። ቴሌስኮፑን አስቀምጡና ትልቁ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ ጠመንጃውን አንሱት። ከዓይናችሁ ያለው ርቀት 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። በተቀራረበ ቁጥር ሲተኮስ ቅንድብ ይሰነጥቃል። የመስቀል ምልክቱ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡና የላይኛውን ማሰሪያ በሰያፍ፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያደረጋችሁ አጥብቁ። አምራቹ የጻፈው የማጥበቂያ ልክ አለ፤ በልክ በሚያጠብቅ መፍቻ ተከተሉት። በጉልበት የተጠበቀ ማሰሪያ የቴሌስኮፑን ቱቦ ያጎብጠዋል።

በመጨረሻ በብሎኑና በመቀመጫው ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ዒላማ ስስት ውዬ ማታ ላይ የፊተኛውን ብሎን በጣቴ አዞርኩት። ያን ያህል ላልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመሩን ሳላይ ከቤት አልወጣም።

ደረጃ 5፦ ዒላማ ማስተካከል

እዚህ ደረጃ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ቸኩሎ፣ በሞቀ በርሜል፣ የተለያየ ጥይት እየቀላቀለ ይተኩሳል፤ ከዚያ ጠመንጃውን ይሰድባል። ግማሽ ቀን መድቡለት። ልታድኑበት ካሰባችሁት ከዚያው ጥይት ቢያንስ 40 ፍሬ ያዙ። የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው፤ የአደን ጠመንጃ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፣ የሄደ ጆሮ ደግሞ አይመለስም።

1. ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኙ። ከረጢቱ የሚገባው በርሜሉ ከተቀመጠበት እንጨት ሥር ነው። በርሜሉ በቀጥታ ምንም ላይ አይረፍ።

2. ቦልቱን አውጥታችሁ በበርሜሉ ውስጥ 25 ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ መሀል አድርጉ። ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ የመስቀል ምልክቱን እዚያው ላይ አምጡት።

3. ከ25 ሜትር አንድ ጥይት ተኩሱ። መሀል እስኪጠጋ አስተካክሉ።

4. ወደ 100 ሜትር ሂዱ። ሦስት ጥይት በእርጋታ ተኩሱ። ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ምንም አትንኩ። ሦስቱም አርፈው መሀከላቸውን ፈልጉ። ከሦስቱ ቆንጆዋን ቀዳዳ መርጦ በእሷ ማስተካከል ትልቁ ስህተት ነው።

5. ክሊክ ቁጠሩ፤ ክሊክ የቴሌስኮፑ ማስተካከያ ቁልፍ ሲዞር ቀጭ የሚልበት እያንዳንዱ እርምጃ ነው። በሚል የሚቆጥር ቴሌስኮፕ አንድ ክሊኩ በ100 ሜትር 1 ሴንቲሜትር ነው። ሩብ ደቂቃ የሚባለው ደግሞ 7 ሚሊሜትር ገደማ፤ ሚልም ደቂቃም እዚህ የማዕዘን መለኪያ ናቸው። ለምሳሌ ጥይቶቹ 8 ሴንቲሜትር ወደ ታች፣ 5 ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ካረፉ በሚሉ 8 ክሊክ ወደ ላይ፣ 5 ክሊክ ወደ ግራ ታዞራላችሁ። በሩብ ደቂቃው 11 እና 7 ይሆናል። በ25 ሜትር ላይ ግን አንድ ክሊክ የሚያንቀሳቅሰው ሩቡን ብቻ ስለሆነ አራት እጥፍ ማዞር ያስፈልጋል። ሰው «ቴሌስኮፑ አይሠራም» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ረስቶ ነው። ቁልፉ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው አረሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው።

6. በርሜሉ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ አቁሙ። ቦልቱን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙትና ይቀዝቅዝ።

7. በ100 ሜትር 5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጨርሱ። 30-06 በ180 ግሬይን በዚህ አስተካከል 200 ሜትር ላይ ልክ መሀል ያርፋል፤ 300 ሜትር ላይ ግን ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። ሁሉም ተኩስ ከ100 ሜትር በታች በሆነበት ጫካ የምታድኑ ከሆነ መሀል ላይ አስተካክሉት።

8. በሌላ ቀን ተመልሳችሁ በቀዝቃዛ በርሜል አንድ ጥይት ብቻ ተኩሱ። የአደን ጥይታችሁ እሷ ናት። ሞቆ ከተተኮሰው ቡድን ርቃ የምታርፍ ከሆነ በእሷ አስተካክሉ።

ጥይቶቹ ከተበታተኑ

ቴሌስኮፑን ወዲያው አትወንጅሉ። በዚህ ተራ ፈትሹ። መጀመሪያ ብሎኖቹን ሁሉ፣ ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያስሩትንም ጨምሮ። ቀጥሎ ራሳችሁን፦ ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ የልምምድ ባዶ ጥይት ያጉርስላችሁ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከጠለቀ ተሸማቃችኋል። መድኃኒቱ ሌላ ጠመንጃ አይደለም። በባዶ ጥይት ብዙ ጊዜ ቃታ መሳብ፣ ትከሻ ላይ ንጣፍ ማድረግ፣ በቀን ከ15 እና 20 ጥይት በላይ አለመተኮስ ነው።

እየሞቀ ሲሄድ ጥይቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ከሆነ በርሜሉ እንጨቱን እየነካ ይሆናል። በመሀላቸው ወረቀት አስገብታችሁ ጎትቱት፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ ባለሙያ ይፋቀው። በርሜሉ ከብዙ ተኩስ በኋላ በመዳብ ዝቃጭ ተሸፍኖም ሊሆን ይችላል፤ አጽዱትና እንደገና ሞክሩ። ሌላ ዓይነት ጥይትም ሞክሩ፤ አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ሌላው ይጠላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተስተካከለ ቴሌስኮፑን ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ከጠረጴዛው ተነሡ

ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ስቀሉ፤ የመካከለኛ እንስሳ ልብና ሳንባ የሚገኝበት ቦታ ያን ያህል ነው። ተቀምጣችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ በባለ ሦስት እግር መደገፊያ በትር ላይ ቆማችሁ ተኩሱ። ከ50 ሜትር ጀምሩ።

አምስት ተኩሳችሁ አምስቱም ክቡ ውስጥ ካረፉ ወደ ኋላ ሂዱ። አንዷ ከወጣች እዚያ ላይ ወሰናችሁ ነው። 120 ሜትር ከሆነ 120 ነው። ጻፉትና ጫካ ውስጥ ስሜት ሲገፋፋችሁ አስታውሱት። ትንሽ ሮጣችሁ ልባችሁ እየመታ ሞክሩት፤ ወሰኑ ምን ያህል እንደሚያጥር ያኔ ታያላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሌላው ዕቃ

እዚህ ላይ ብዙ አትሸመቱ። አቅርቦ የሚያሳይ 8×42 ወይም 10×42 መነጽር ግን አትሰስቱበት፤ ከጠመንጃው በላይ ቀኑን ሙሉ የምትጠቀሙበት እሱ ነው። እንስሳ ለመፈለግ በጠመንጃው ቴሌስኮፕ ማየት ክልክል ነው፤ ያያችሁት ሰው ሊሆን ይችላል።

ጫማው አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እየሄዳችሁ አለማምዱት። ልብሱ ሲንቀሳቀስ የማይንኮሻኮሽ ይሁን። ከሌሎች አዳኞች ጋር ከሆናችሁ ደማቅ ብርቱካናማ ልበሱ፤ በብዙ ቦታ ሕግም ነው። ሰፊ ማንገቻ፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስለት ያለው ቢላዋ ከነመሳያው፣ ሁለት ባትሪ፣ ውኃ፣ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ያለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ከረጢት። ማሰሪያውን በአንድ እጅ ማሰር ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ርቀት መለኪያ ሜዳ ላይ ይጠቅማል፣ ጫካ ውስጥ ብዙም አይደለም።

ደረጃ 8፦ በአደኑ ቀን

ከጉዞ በኋላ፣ ከአደን በፊት፣ አንድ ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሱ። መኪናና አውሮፕላን ቴሌስኮፕ ያዛባሉ። በርሜሉ ውስጥ ዘይት፣ ጭቃ ወይም ውኃ እንደሌለ እዩ። መኪና ላይ ጥይት ከጠመንጃው ጉሮሮ፣ ማለትም ከሚጎርስበት ቦታ፣ ውጭ ይሁን። አጥር ወይም ገደል ስትሻገሩም አውጡት።

ጎኑን የሰጠ፣ የቆመ፣ ከኋላው ሌላ እንስሳ የሌለበትን ብቻ ተኩሱ። የፊት እግሩን መስመር ወደ ላይ ተከተሉና ከሰውነቱ ከፍታ ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ አነጣጥሩ። ጎኑን ሰጥቶ ግን በሰያፍ ትንሽ ጀርባውን ካዞረ አረሩ ወደ ወዲያኛው የፊት እግር እንዲወጣ አስቡ። እየሮጠ ከሆነ ተዉት።

ጥይቱ ካልፈነዳ፦ አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ እንደያዛችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁና ርግጫው ከወትሮው ከደከመ ደግሞ ሁለተኛ አትተኩሱ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል አውርዳችሁ በበርሜሉ ውስጥ ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ከተኩሱ በኋላ

ወዲያው ሌላ ጥይት አጉርሱ፤ እንስሳው ቢወድቅም። ከቴሌስኮፑ አትውጡ። ዳግም ቢቆምና ንጹሕ ተኩስ ቢሰጣችሁ ድገሙት። ከጠፋ የቆመበትንና የገባበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ለዩ፤ እናንተ የቆማችሁበት ላይም ምልክት ተዉ።

ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከባድ ነው፣ ግን ቸኩሎ የተከተለ ሰው የተኛውን እንስሳ አስነስቶ ያባርረዋል። ደሙን አንብቡ። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ከሳንባ ነው፤ ቅርብ ታገኙታላችሁ። ጠቆር ያለ ደም ከጉበት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰዓት ስጡት። አረንጓዴ ነገር ወይም የፈርስ ሽታ ካለ ሆዱን ነው የመታችሁት፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ካልቆያችሁ አይገኝም። ዝናብ ከመጣ ወይም ሥጋውን የሚሻማ አውሬ ካለ ግን ቀድማችሁ መሄድ ይኖርባችኋል።

በደሙ ላይ ሳትረግጡ በጎኑ ተከተሉ። ባገኛችሁት ምልክት ሁሉ ባለ ቀለም ጨርቅ እሰሩ። ደሙ ከጠፋ ወደ መጨረሻው ጨርቅ ተመልሳችሁ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ፈልጉ። የቆሰለ ጎሽ ከሆነ ብቻችሁን አትግቡ፣ በጨለማም አትግቡ። ዱካውን የሚያነብ ሰው ወደ መሬት ያያል፣ ጠመንጃ የያዘው ወደ ፊት ያያል፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው አይችለውም።

ወደ ሬሳው ከኋላው፣ ከእግሮቹ ራቅ ብላችሁ ቅረቡ። ዓይኑን በረጅም እንጨት ንኩት። ከጨፈነ አልሞተም፤ ወደ ኋላ ብላችሁ ድገሙት። ጨርቆቹን ስትመለሱ ሰብስቡ። ፈልጋችሁ ካላገኛችሁ ደግሞ ለአስጎብኚው ወይም ለቦታው ኃላፊ ንገሩ፤ ሌላ እንስሳ ላይ ከመተኮሳችሁ በፊትም ጠመንጃውን ወረቀት ላይ ፈትሹት።